ከምጥ በፊት የሚታይ ደም፦ ከየት ይመጣል? የት ያደርሳል?

«አስቸኳይ! ለነፍሰ ጡር እናት ኦ ኔጌቲቭ ደም ይፈለጋል።» እንዲህ ያለ መልእክት ስልኩ ላይ ያልደረሰው ሰው ጥቂት ነው። ከቴሌግራም ወደ ፌስቡክ፣ ከዚያም ወደ ቤተሰብ ግሩፕ ይዞራል። ከሥሩ የሚከተለው ወሬ ግን ብዙ ጊዜ የተደበላለቀ ነው። አንዱ ገና ሳትወልድ ደም ለምን እንዳስፈለጋት ግራ ይገባዋል። ሌላው ትንሽ ደም መታየቱ የምጥ ምልክት ነው፣ ምንም አያስደነግጥም ይላል። አንዷ ደግሞ እሷም «እንግዴ ልጁ ታች ነው» ተብላ እንደነበርና በሰላም እንደወለደች ትናገራለች።

ሦስቱም ከእውነት የራቁ አይደሉም። ግን የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው።

በየዓመቱ ጥር ላይ የጤናማ እናትነት ወር ሲታሰብ በብዛት የሚነሳው ከወሊድ በኋላ የሚመጣው የደም መፍሰስ ነው። መነሳቱም ተገቢ ነው፤ ይበልጥ እናቶችን የሚገድለው እሱ ነው። ከወሊድ በፊት የሚመጣው ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ልጁ ከተወለደ በኋላ ለሚፈስ ደም አዋላጅ ነርሷ እዚያው ጤና ጣቢያ ውስጥ ብዙ መሥራት ትችላለች። ማሕፀን የሚያኮማትር መርፌ ትወጋለች፣ ማሕፀኑን ታሻለች። ልጁ ሆድ ውስጥ ሳለ ለሚፈስ ደም ግን ይህ አይሆንም። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ራሱ መውለድ ነው፤ የሚወለደውም ብዙ ጊዜ በኦፕራሲዮን ነው። ስለዚህ «ምን እናድርግላት?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «የት ትሁን?» የሚለው ይቀድማል።

የትኛው ደም ነው የሚባለው?

ሐኪሞች በአጭሩ ኤፒኤች ይሉታል። በአማርኛ ቅድመ ወሊድ የደም መፍሰስ ማለት ነው። በአገራችን አሠራር እርግዝናው 28 ሳምንት ከሞላ በኋላ፣ ልጁ ከመወለዱ በፊት ከማሕፀን በኩል የሚመጣ ደም ነው። በወር ሲቆጠር ሰባተኛው ወር ገደማ ይሆናል። አንዳንድ አገሮች መቁጠር የሚጀምሩት ከ24 ሳምንት ወይም ከዚያም ቀደም ብለው ነው። ከ100 እርግዝናዎች ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት በሚሆኑት ላይ ያጋጥማል። ብርቅ አይደለም ማለት ነው።

መነሻው ብዙ ነው። ነፍስ የሚያሰጉት ሁለቱ ዋነኞች ግን ከእንግዴ ልጅ ጋር የተያያዙ ናቸው።

እንግዴ ልጁ በሩ ላይ ሲቀመጥ

እንግዴ ልጅ ጽንሱ ከእናቱ ምግብና ኦክስጅን የሚያገኝበት አካል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከማሕፀኑ የላይኛው ክፍል ወይም ከጎኑ ይጣበቃል። አንዳንዴ ግን ታች፣ ልጁ የሚወጣበት በር ላይ ይቀመጣል። ፕላሴንታ ፕሪቪያ የሚባለው ይህ ነው። ከ200 ወሊዶች በአንዱ ገደማ ይታያል።

ደሙ የሚመጣው እንዲህ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት የማሕፀኑ የታችኛው ክፍል እየሳሳ ይለጠጣል። ለልጁ መውጫ እየተዘጋጀ ነው። እንግዴ ልጁ ግን አብሮ አይለጠጥም። ስለዚህ ጠርዙ ከማሕፀኑ ግድግዳ ትንሽ ይላቀቃል። በተላቀቀው ቦታ ላይ ያሉት የእናቲቱ ደም ሥሮች ክፍት ይቀራሉ። ምጥ የለም፣ ቁርጠት የለም፣ ሕመም የለም። ሴትየዋ ተኝታ ሳለች አንሶላው ርሶባት ልትነቃ ትችላለች። ደሙ ደማቅ ቀይ ነው።

ከዚያ ይቆማል።

አሳሳቹ ይሄ ነው። የመጀመሪያው ደም አብዛኛውን ጊዜ እናትን አይገድልም። በራሱ ይቆማል፣ ልጁም እንደወትሮው ይንቀሳቀሳል። ቤተሰቡ «ተመስገን» ብሎ ይቀመጣል። ሐኪሞች ግን ይህን ደም የማስጠንቀቂያ ደም ይሉታል። ሁለተኛው ነገ ሊመጣ ይችላል፣ ከሦስት ሳምንት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ሲመጣም ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይበረታል። በእርግዝና መጨረሻ ላይ በየደቂቃው ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ወደ ማሕፀን ይሄዳል። ያ ሁሉ ደም መውጫ ካገኘ የሚቀረው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ደም መካከል ያለው ጊዜ ስለዚህ ትልቅ ዕድል ነው። ሐኪም ዘንድ ደርሶ፣ የደም ዓይነት አሳውቆ፣ የት እንደሚወለድ ወስኖ ለመጨረስ ይበቃል። «ቆሟል እኮ» ብለው ቤት ከተቀመጡ ግን ያ ዕድል ባከነ።

ስለ አልትራሳውንዱም ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። በአምስተኛው ወር ገደማ «እንግዴ ልጁ ወደ ታች ነው» የሚባሉ ሴቶች ብዙ ናቸው። ከአሥሩ ዘጠኙ ያህሉ መጨረሻ ላይ ችግሩ አይኖርባቸውም። ማሕፀኑ ሲያድግ የታችኛው ክፍል ይረዝማል፤ እንግዴ ልጁም ከበሩ የራቀ ይሆናል። በሰላም ወለድኩ ያለችው እናት ከእነዚህ ዘጠኙ አንዷ ሳትሆን አትቀርም። ስለዚህ በአምስተኛ ወር የተነገረ ነገር አያስለቅስም። ግን አይረሳም። በ32ኛው ሳምንት ገደማ፣ ካስፈለገም በ36ኛው ተመልሶ መታየት አለበት። ያኔ የእንግዴ ልጁ ጠርዝ ከበሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ካልራቀ ወይም በሩን ከሸፈነው፣ የወሊዱ ዕቅድ ይለወጣል። በሩ ከተሸፈነ በምጥ መውለድ አይቻልም። ብዙ ጊዜ ምጥ ሳይጀምር፣ በ36ኛውና በ37ኛው ሳምንት አካባቢ ኦፕራሲዮን ይቀጠራል።

«አልጋ ላይ ተኚ፣ እንዳትነሺ» የሚለው ምክር ግን ብዙ መሠረት የለውም። ቀኑን ሙሉ መተኛት ደም መፍሰሱን እንደሚያስቀር አልተረጋገጠም። ይልቁንም እግር ላይ የደም መርጋት ያመጣል ተብሎ ይፈራል። ከባድ ነገር አለማንሳትና ከግንኙነት መቆጠብ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይህን ሐኪሞችም ይመክራሉ። በፕሪቪያ የደማች ሴት ሆስፒታል ትቆይ ወይስ ቤቷ ትሁን በሚለው ላይ ባለሙያዎችም አንድ አይደሉም። በሌላው ዓለም ደሟ ከቆመና ቤቷ ለሆስፒታል ቅርብ ከሆነ ወደ ቤት የሚሸኙ አሉ። ያ ምክር ግን የሌሊት መኪና፣ መንገድና ስልክ አለ ብሎ የተነሳ ነው። ከአስፋልት የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ላለች እናት ያንኑ መድገም አደገኛ ነው።

ጣት ለምን አይገባም?

አንድ ነገር በተለይ መታወቅ አለበት። በመጨረሻ ወራት የደማች ሴት፣ እንግዴ ልጁ የት እንዳለ ሳይታወቅ በጣት አትመረመርም። ምጥ የመጣ መስሏት ማሕፀኗ ምን ያህል እንደተከፈተ ለማየት የሚገባ ጣት፣ በሩ ላይ የተቀመጠውን እንግዴ ልጅ ሊቀድደው ይችላል። የሚያንጠባጥብ ደም በአንድ ጊዜ ጎርፍ ይሆናል።

ይህ ለልምድ አዋላጆች ብቻ የሚነገር ምክር አይደለም። በሥራ ብዛት የተወጠረ ባለሙያም ሊዘነጋው ይችላል። አልትራሳውንድ በሌለበት ግድ መመርመር ካለባት የሚደረገው ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ነው። ደም ተዘጋጅቶ፣ ሐኪሙ ጓንቱን አጥልቆ፣ ደሙ ቢበረታ ወዲያው ኦፕራሲዮኑን ለመጀመር ተዘጋጅቶ። እናት ወይም ባል «አልትራሳውንድ ሳትታይ በጣት አትመርመር» ቢሉ ድፍረት አይደለም። መብታቸው ነው፤ ትክክልም ናቸው።

የማይታየው ደም

ሁለተኛው ዋነኛ ምክንያት እንግዴ ልጁ በትክክለኛው ቦታው ላይ ሆኖ ያለ ጊዜው ሲላቀቅ ነው። በሕክምና ስሙ ፕላሴንታል አብራፕሽን ይባላል። ከ100 እርግዝናዎች በአንዱ ገደማ ይከሰታል።

ምልክቱ ከፕሪቪያ በብዙው ይለያል። ሆድ ያማል፤ አንዳንዴም ወገብ። ሆዱ ሲነካ እንደ እንጨት ይደርቃል፣ አይላላም። የልጁ እንቅስቃሴ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። ደሙ ጠቆር ይላል። ሁልጊዜ ወደ ውጭ የሚወጣ ግን አይደለም። ከእንግዴ ልጁ ጀርባ ሊጠራቀም ይችላል። ጨርቋ ላይ ሁለት ጠብታ ብቻ ታይቶ ውስጧ ከሊትር በላይ ደም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ በጨርቁ መጠን መፍረድ አይቻልም። ሴትየዋ ከገረጣች፣ ካላባት፣ ልቧ ቶሎ ቶሎ ከመታ፣ የሚታመነው እሱ ነው።

ምን ያመጣዋል? ከሁሉ በላይ የሚታወቀው የደም ግፊት ነው። በእርግዝና ላይ የሚመጣ ግፊት በየክትትሉ ክንድ ላይ ታስሮ የሚለካው ለዚህም ጭምር ነው። ከዚህ በፊት የተላቀቀባት እናት እንደገና ሊደርስባት ይችላል። የሽርት ውሃ በድንገት ብዙ ሲፈስም ይከሰታል። ሌላው በሆድ ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው። መውደቅ፣ የመኪና አደጋ፣ ዱላ። ዱላውን ሴትየዋ አማቷና ባሏ ፊት አትናገረውም። «ወደቅኩ» ትላለች። ስለዚህ አዋላጇ ብቻዋን አድርጋ ልትጠይቃት ይገባል።

በብዙ አካባቢ ነፍሰ ጡርን ሆዷን ማሸት የቆየ ልማድ ነው። በቅቤ እየተለሰለሰ፣ ልጁን «ለማስተካከል» እየተባለ ይታሻል። የሚያሹት ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም። ግን ደም ለታያት ወይም ሆዷ ለደረቀባት ሴት ማሸት ጉዳቱ የከፋ ነው።

አብራፕሽን ሌላም መዘዝ አለው። ደሟ የመርጋት አቅሙን ሊያጣ ይችላል። ውስጥ የተጠራቀመው ደም ለመርጋት የሚያስፈልገውን ንጥረ ነገር ይጨርሰዋል። ያኔ መርፌ የተወጋችበት ቦታ እንኳ መድማቱን አያቆምም። ይህን ለማወቅ የግድ ትልቅ ላብራቶሪ አያስፈልግም። ሁለት ሚሊ ሊትር ደም ተቀድቶ ንጹሕና ደረቅ ባዶ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ይደረጋል። ባለሙያዋ ቱቦውን ጨብጣ በእጇ ሙቀት ትይዘዋለች። ከአራት ደቂቃ በኋላ ቀስ ብላ ዘንበል ታደርገዋለች። ከዚያም በየደቂቃው። ሰባት ደቂቃ አልፎ ደሙ ካልረጋ፣ ወይም የረጋው በቀላሉ ከፈረሰ፣ የመርጋት አቅሙ ተዳክሟል ማለት ነው። ሰዓትና ቱቦ ያላት አዋላጅ ይህን ማወቅ ትችላለች። ሪፈር ወረቀቱ ላይ ከጻፈችው ደግሞ ተቀባዩ ሆስፒታል ለምን ዓይነት ደም መዘጋጀት እንዳለበት አስቀድሞ ያውቃል።

ሌሎቹ ምክንያቶች

ማሕፀን መቀደድ በኛ አገር አሁንም አለ። ምጥ ተንዛዝቶ ልጁ አልወጣ ሲል፣ ወይም የድሮ ኦፕራሲዮን ጠባሳ ሲከፈት ይሆናል። የበረታ ምጥ በድንገት ቀጥ ካለና ሴትየዋ ከደከመች ምጡ ረፍት ሰጣት ተብሎ መታለፍ የለበትም።

የማሕፀን በር ቁስለትና ኢንፌክሽን ደም ያሳያል። የማሕፀን በር ካንሰርም በእርግዝና ላይ ሊታይ ይችላል።

ቫሳ ፕሪቪያ የሚባል ብርቅ ነገርም አለ። የልጁ ደም ሥሮች ሳይሸፈኑ በሩ ላይ ያልፋሉ፤ የሽርት ውሃው ሲፈስ አብረው ይቀደዳሉ። እዚህ የሚፈሰው የእናት ሳይሆን የልጁ ደም ነው። አንድ ጨቅላ በጠቅላላው ያለው ደም ከአራት የቡና ሲኒ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ለእናት ትንሽ የሆነው ደም ለልጁ ሁሉ ነገሩ ነው።

የምጥ ምልክት የሚባለው ደምስ? አለ። ወፈር ያለ ንፍጥ መሰል ፈሳሽ ነው፤ ደም ጣል ጣል ያለበት፣ ወደ ሮዝ የሚያደላ። ጊዜው ደርሶ ምጥ ሲቃረብ ይመጣል። ይህ ጤናማ ነው። ንፍጥ የሌለበት፣ ጨርቅ የሚያርስ፣ እግር ላይ የሚወርድ ደም ግን ምልክት ተብሎ አይታለፍም።

ሾተላይም እዚህ ጋ ይነሳል። ብዙ ሰው ሾተላይን ልጅ የሚቀማ ክፉ ነገር አድርጎ ያውቀዋል። ሕክምናው የሚያውቀው ኔጌቲቭ የደም ዓይነት ያላት እናት ፖዘቲቭ ልጅ ስትፀንስ ነው። በእርግዝና ላይ ደም ሲፈስ የልጁ ደም ወደ እናቲቱ ሊገባ ይችላል። ሰውነቷ ያንን ደም የሚያጠቃ መከላከያ ይሠራል፤ የሚጎዳውም ብዙውን ጊዜ ቀጣዩን ልጅ ነው። ስለዚህ ኔጌቲቭ የሆነች እናት ከደማች በ72 ሰዓት ውስጥ አንቲ ዲ የሚባለውን መርፌ ማግኘት አለባት። ደሙ ቆመ ተብሎ ቤት ከተቀረ ይህም አብሮ ይቀራል።

የኦፕራሲዮን ጠባሳና የነገው ፅንስ

በከተማ የኦፕራሲዮን ወሊድ እየበዛ ነው የሚለው ክርክር ከዚህ ጉዳይ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ በኦፕራሲዮን የተወለዱት 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በአዲስ አበባ ግን 21 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው በአንድ አገር ደረጃ መጠኑ ከ10 በመቶ ሲያልፍ የእናቶችም ሆነ የጨቅላዎች ሞት በዚያ ምክንያት ሲቀንስ አልታየም። እንግዲህ በአንዲት አገር ውስጥ ሁለት ችግር አለ። ገጠሯ እናት ሕይወቷን የሚያድነውን ኦፕራሲዮን አታገኝም። ከተሜዋ ደግሞ የማያስፈልጋትን ልታገኝ ትችላለች።

የማያስፈልግ ኦፕራሲዮን ጉዳቱ ለምንድን ነው? ጠባሳ ስለሚተው ነው። በሚቀጥለው እርግዝና እንግዴ ልጁ ያ ጠባሳ ያለበት ቦታ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ጠባሳው ደግሞ ታች፣ በሩ አካባቢ ነው። አንዳንዴ እንግዴ ልጁ ወደ ጠባሳው ሥር ይሰድዳል። በደንብ ሥር የሰደደ ተክል ሲነቀል አፈሩን ይዞ እንደሚመጣ ሁሉ፣ ይህም በእጅ ሲላቀቅ ከባድ ደም ያመጣል። ፕላሴንታ አክሬታ ይባላል። ብዙ ጊዜ ማሕፀኑን ራሱን ማውጣት ግድ ይላል።

አሜሪካ ውስጥ 30 ሺህ ገደማ እናቶችን የተከታተለና በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። ፕሪቪያ ያለባት፣ ግን ከዚህ በፊት ኦፕራሲዮን ያልሆነች እናት አክሬታ የመያዝ ዕድሏ 3 በመቶ ነበር። አንድ ጊዜ ኦፕራሲዮን ከሆነች 11 በመቶ። ሁለት ጊዜ ከሆነች 40። ሦስት ጊዜ ከሆነች 61 በመቶ። አራት አምስት ልጅ መውለድ በተለመደበት አገር እነዚህ ቁጥሮች ቀላል አይደሉም።

ይህን ስል በኦፕራሲዮን የወለደችን እናት ለመውቀስ አይደለም። ብዙዎቹ ልጃቸውንና ራሳቸውን ያተረፉት በዚያው ነው። ሐኪሞችም በኩላቸው የሚሉት አለ። ምጥ ሲንዛዛ ልጁን በቅርብ የሚከታተል መሣሪያና ሰው ከሌለ ኦፕራሲዮኑ ይሻላል ይላሉ። ሚዛን የሚደፋ ክርክር ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን አንድ ነገር አያከራክርም። ከዚህ በፊት ኦፕራሲዮን የሆነች ሴት እንደገና ስትፀንስ፣ እንግዴ ልጁ ከጠባሳው አንጻር የት እንዳለ ተለይቶ መታየት አለበት። አክሬታ ከተጠረጠረ መውለድ ያለባት ልምድ ያለው የቀዶ ሕክምና ቡድንና በቂ ደም ያለበት ትልቅ ሆስፒታል ነው። ሆዷ ከተከፈተ በኋላ የሚታወቅ ከሆነ ብዙ ነገር ያልፋል።

ከጤና ጣቢያ እስከ ሆስፒታል ባለው መንገድ

ነፍሰ ጡር ሴት የደሟ መጠን ከወትሮው ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። ይህ ለወሊድ የተሰጣት ስንቅ ነው። የሚያታልለውም እሱ ነው። አንድ ሊትር ያህል እስክታጣ ድረስ የደም ግፊቷ ደህና ሊመስል ይችላል። ከዚያ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ግፊቷ ከመውረዱ በፊት የሚፈጥነው የልብ ምቷ ነው። በሌላ በኩል በ2016ቱ ጥናት በኢትዮጵያ ከነፍሰ ጡሮች 29 በመቶ ያህሉ ደም ማነስ ነበረባቸው። ለእነዚህ ስንቁ ከመጀመሪያውም ቀጭን ነው። በክትትል የሚሰጠው የአይረን እንክብል ዋጋው የሚታየው እንዲህ ባለው ሌሊት ነው።

ጤና ጣቢያ ይህን ችግር ሊጨርሰው አይችልም። ብዙዎቹ ኦፕራሲዮን አያደርጉም፣ ደምም የላቸውም። ግን ብዙ ሊሠራ ይችላል። በሁለት እጇ ወፍራም መርፌ አስገብቶ ኖርማል ሳላይን ወይም ሪንገር ላክቴት የሚባለውን ፈሳሽ መስቀል። በግራ ጎኗ ማስተኛትና ማሞቅ። ምቷንና ግፊቷን እየለኩ መጻፍ። ሆስፒታሉን ደውሎ «እየመጣች ነው» ማለት። አዋላጅ አብራት እንድትሄድ ማድረግ። በአምቡላንስ ብቻዋን የተላከች ሴትና ባለሙያ አብሯት የሄደች ሴት እኩል አይደሉም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ኦፕራሲዮኑን ማን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ባለፉት ዓመታት በከፊል መልስ አግኝቷል። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች በማስተርስ ደረጃ እየሠለጠኑ ነው። ስፔሻሊስት በሌለባቸው የወረዳ ሆስፒታሎች ብዙውን የድንገተኛ ወሊድ ኦፕራሲዮን የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ደም ግን አሁንም ያስጨንቃል።

የደም ባንክ አገልግሎቱ በ2012 እ.ኤ.አ. ከቀይ መስቀል ወደ ጤና ሚኒስቴር ተዛውሯል። የተለገሰ ደም እንደተቀዳ ለሰው አይሰጥም። ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝ መመርመር አለበት። ስለዚህ በቴሌግራም የዞረው ጥሪ ሰምቶ የሮጠ ሰው ደሙ ለዚያች ሰዓት ላይደርስ ይችላል። የሚደርስላት ባለፈው ሳምንት ሌላ ሰው የሰጠው ነው። ኦ ኔጌቲቭ የሆነች እናት ደግሞ መውሰድ የምትችለው ኦ ኔጌቲቭ ብቻ ነው። እሱም በአገራችን ጥቂት ሰው ጋ ነው ያለው። የደም ዓይነቷ ግን በመጀመሪያው ክትትል ካርዷ ላይ ይጻፋል። ጥሪው በአራተኛው ወር፣ ዘመድ አዝማድ ሳይደናገጥ፣ ማን ምን ዓይነት እንደሆነ እየተጠየቀ ሊጀመር ይችል ነበር። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነና 45 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል።

አልትራሳውንድ ብቻውን ምን ይፈይዳል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24 ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትታይ መክሯል። ብዙ ሰው ከዚህ ተነስቶ ለየጤና ጣቢያው ማሽን ይገዛ፣ ነገሩ ያልቃል ይላል። ሐሳቡ መልካም ነው። ግን ተሞክሮ ታይቷል። በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ፣ በኬንያ፣ በዛምቢያ፣ በፓኪስታንና በጓቲማላ ገጠሮች ለጤና ጣቢያዎች አልትራሳውንድ ተሰጥቶ ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ታተመ። የእናቶችና የጨቅላዎች ሞት አልቀነሰም። በጤና ተቋም የሚወልዱትም አልጨመሩም።

ይህ ማሽኑ አይጠቅምም ማለት ነው? አይመስለኝም። ፕሪቪያን በሌላ መንገድ አስቀድሞ ማወቅ ከባድ ነው። የእርግዝናውን ዕድሜ በትክክል የሚናገረውም ቀደም ብሎ የታየ አልትራሳውንድ ነው። ቀኑ ካልታወቀ ደግሞ ያለ ጊዜው ሊወለድ ላለው ልጅ ሳንባ የሚሰጠውን የዴክሳሜታዞን መርፌ በትክክል መወሰን ያስቸግራል። ግን ማሽኑ «በሩ ላይ ነው» ብሎ ከነገራት በኋላ የምትሄድበት ከሌላት፣ የሰማችው ነገር ፍርሃት ሆኖ ይቀራል። ገንዘቡ በማሽን፣ በመንገድና በደም መካከል ሲከፋፈል ይህ መታሰብ አለበት።

አገሪቱ ብዙ ርቀት ሄዳለች። በ2000 እ.ኤ.አ. ከ100 ሺህ በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ እንደነበር ተገምቶ ነበር። በ2016 ጥናት ቁጥሩ 412 ሆነ። በጤና ተቋም የሚወልዱት በ2016 ከነበረበት 26 በመቶ በ2019 እ.ኤ.አ. ወደ 48 ወጡ። አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ክትትል ያደረጉት ግን በ2019 ገና 43 በመቶ ነበሩ። ብዙ እናቶች የመጀመሪያው ደም ሲመጣ የሚያውቃቸው ባለሙያ የለም ማለት ነው።

የአጣት ሆስፒታል ያሳየው

በጉራጌ የሚገኘው የአጣት ሆስፒታል በ1976 እ.ኤ.አ. የእናቶች ማቆያ ጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው። አደጋ ያላት፣ ቤቷ ሩቅ የሆነ ነፍሰ ጡር ምጥ ከመምጣቱ በፊት መጥታ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ትቀመጣለች። ደሙ ሌሊት ቢመጣ ኦፕራሲዮን ክፍሉ የጥቂት ደቂቃ እርምጃ ነው። የ22 ዓመት መዝገቡ ሲታይ ከማቆያው ገብተው በወለዱት ላይ የእናቶች ሞት ከ100 ሺህ በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 90 ገደማ ነበር። ከማቆያው ሳያልፉ በመጡት ላይ ከ1,300 በላይ። ልዩነቱን ሁሉ ማቆያው አመጣው ማለት አይቻልም። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ከታመሙ በኋላ የመጡ ናቸው። እንዲያም ሆኖ ልዩነቱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ማቆያ ተሠርቷል። ጥያቄው ግን ማቆያው የት ነው የሚለው ነው። ፕሪቪያ ያለባት እናት ኦፕራሲዮን በሌለበት ጤና ጣቢያ ግቢ ብትቀመጥ ጉዞዋን በግማሽ አሳጠረች እንጂ አልጨረሰችም። እሷ መቀመጥ ያለባት ደምና ኦፕራሲዮን ካለበት ሆስፒታል አጠገብ ነው።

ደግሞ ሦስትና አራት ሳምንት ከቤት መራቅ ለማንም ቀላል አይደለም። ትልልቆቹን ልጆች ማን ያያል? ላሟን ማን ያልባል? ማቆያው እንጀራ ያቀርባል ወይስ ከቤት ይመጣል? ሴቶቹ ሲጠየቁ የሚያነሱት ይህን ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ድረስ ሄዳ ከባልና ከአማት ጋር ስትቀመጥ መነጋገር ያለባት ስለ እንግዴ ልጁ ብቻ አይደለም። ስለ ላሟም ነው።